የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዲኤቲን መቼ ልፈተን? እንዴትስ ልዘጋጅ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚጠይቁ ናቸው። ደስ ብሎኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ ክሊኒክ ስሠራ በየቀኑ ሕመማቸውን በአማርኛ ሊነግሩኝ የሚመጡ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ከሁለት ካውንቲ ማዶ ነው የሚነዱት። እኛን የሚያክሙ ልጆች ያስፈልጉናል። ስለዚህ ዛሬ ገጹን በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። አራት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የምመልሰው እዚህ አሜሪካ ስለሚሰጠው ፈተና፣ ሁላችንም ዲኤቲ ስለምንለው ነው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ከቤተሰቤ ጋር በዲቪ ነው የመጣሁት። ባዮሎጂ ተምሬ ተመርቄያለሁ። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ዴንታል አሲስታንት ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሌላ ሥራ አለኝ። ኦክቶበር ላይ ዲኤቲ ተፈትኜ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ልጀምር አስቤያለሁ። ሳይንሱ ብዙም አያስፈራኝም። የንባቡን ክፍል ስለማመድ ግን ሦስተኛውን ጽሑፍ ሳልነካው ሰዓቱ ያልቃል። የቅርጽ ጥያቄዎቹ ደግሞ ራሴን ያዞሩኛል። ከየት ልጀምር? ለመሆኑ በዚህ እንግሊዝኛዬ ይሆንልኛል ይላሉ?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ከጠየቅሽው ልነሳ። ይሆንልሻል። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። እኔም እዚህ አገር የመጣሁት ሁለተኛ ደረጃን አገር ቤት ጨርሼ ነው። እንዳንቺ ረዳት ሆኜ፣ የምራቅ መምጠጫውን ይዤ ሠርቻለሁ። ዲኤቲ ድርሰት አያጽፍሽም፤ አያናግርሽም። ጥያቄው ሁሉ ምርጫ ነው። በአክሰንትሽ የሚቀነስብሽ ነጥብ የለም። የሚጠይቅሽ አንብቦ መረዳትን ነው፤ እሱንም በፍጥነት።

ደብዳቤሽን ሳነበው ያየሁት የዕውቀት ችግር አይደለም። የሰዓት ችግር ነው። ከእኛ ልጆች ጋር ስነጋገር ሁልጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው። አጥንተዋል፤ ያውቃሉ፤ ግን ሰዓት ይቀድማቸዋል። እስቲ ቁጥሩን ተመልከቺ። የሳይንሱ ክፍል 100 ጥያቄ ነው፦ 40 ባዮሎጂ፣ 30 ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ 30 ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ። ለሁሉም የተሰጠሽ 90 ደቂቃ ነው። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስሽም። የቅርጹ ክፍል 90 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 40 ሰከንድ ማለት ነው። ንባቡ 50 ጥያቄ በ60 ደቂቃ፣ ሒሳቡ 40 ጥያቄ በ45 ደቂቃ። እንግዲህ መጽሐፍ ዘርግተሽ፣ ቡና እየጠጣሽ፣ በዝግታ ስትሠሪ ሁሉንም ብትመልሺ ገና ለፈተናው ዝግጁ ነሽ ማለት አይደለም። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ሰዓት ሳትይዢ ምንም ነገር አትሥሪ።

ንባቡን በተመለከተ። ሦስት ረጃጅም የሳይንስ ጽሑፎች ይቀርቡልሻል። ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ያህል አለሽ። ስለ ርዕሱ ቀድመሽ ማወቅ አይጠበቅብሽም፤ መልሱ ሁሉ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ነው። እኛ አገር ቤት ስንማር ያደግነው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንብበን፣ ያልገባንን ደግመን፣ ከዚያ ወደ ጥያቄው መሄድ ነው። ጥሩ ልማድ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ይጠቅማል። እዚህ ፈተና ላይ ግን ሰዓትሽን ይበላዋል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ጥያቄዎቹን በዓይንሽ እለፊባቸው። ስም፣ ቁጥር፣ የበሽታ ወይም የኬሚካል ስም የያዙትን ያዢ። ከዚያ ጽሑፉን አንቀጽ በአንቀጽ አንብቢ፤ የያዝሽው ነገር ሲመጣ ወዲያው መልሺ። የማታውቂው ቃል ሲገጥምሽ አትቁሚ። ዓረፍተ ነገሩ ምን ሊል እንደፈለገ ከገባሽ ቃሉ ይቅር። «ጸሐፊው ምን ለማለት ፈልጎ ነው» ዓይነቶቹን ለመጨረሻ አቆያቸው፤ እስከዚያ ጽሑፉን በደንብ ትለምጂዋለሽ።

ይህ ግን ዘዴ ብቻ ነው። ዘዴ ያለ ንባብ ሩቅ አይወስድም። በየቀኑ አንድ የሳይንስ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አንብቢ፤ በስልክሽም ቢሆን። እኔ ሜትሮ ላይ ነበር የማነበው፣ ጠዋት ስሄድና ማታ ስመለስ። ስለ ንብ፣ ስለ ውቅያኖስ፣ ስለ ባክቴሪያ፤ ያገኘሁትን ሁሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዓይኔ መስመሩን ሳይሰብር መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዓት አትያዢ፤ ፈተናው ሲቃረብ ትይዢያለሽ።

አሁን ወደሚያዞርሽ ክፍል እንምጣ። ተማሪዎቹ ፒኤቲ ይሉታል። ብዙ ሰው «ይሄ ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ይናደድበታል። አንቺ ክሊኒክ ስላለሽ ነገ ሐኪሙን ልብ ብለሽ እዪው። የላይኛውን የኋላ ጥርስ ሲሠራ የሚያየው ጥርሱን ሳይሆን በመስታወት ውስጥ ያለውን ነው። ግራው ቀኝ ነው፤ እጁ ግን መሳሳት የለበትም። ለክራውን፣ ማለትም ጥርስ ላይ ለሚጠለቀው ሽፋን፣ ጥርስ ሲሞርድ ግድግዳዎቹ በጥቂት ዲግሪ ብቻ መዘንበል አለባቸው። ያንን በማስመሪያ አይለካም፤ በዓይኑ ነው። ፒኤቲ የሚለካው ይህን ዓይን ነው። ደግሞ በልምምድ ይመጣል፤ በፍጹም አብሮ የሚወለድ ነገር ነው ብለሽ እንዳታምኚ። ከሁሉም ክፍል ቶሎ የሚሻሻለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስድስት ዓይነት ጥያቄ አለው፤ ከእያንዳንዱ 15። አንደኛው ኪሆል ነው፦ አንድ ቅርጽ በየትኛው ቀዳዳ ያልፋል? ቅርጹን ከማስገባትሽ በፊት እንደፈለግሽ ማዞር ትችያለሽ፤ መግባት ከጀመረ በኋላ ግን አይዞርም። ሁለተኛው ከላይ፣ ከፊትና ከጎን የሚታየውን ያሳይሽና አንዱን ይደብቅሻል። ሦስተኛው አራት ማዕዘኖችን ከትንሹ ወደ ትልቁ መደርደር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ማፍጠጥ ይጎዳል። ዓይን ሲደክም ሁሉም እኩል ይመስላል። ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ብቻ ፈጥነሽ ተመልከቺ፤ በግልጽ ትንሹን ወይም ትልቁን ካገኘሽ ምርጫዎቹ ራሳቸው ይቀንሱልሻል። አልለይ ካለሽ አንዱን መርጠሽ ሂጂ።

ወረቀት አጥፎ መብሳቱ፣ ኪዩብ መቁጠሩና ጠፍጣፋውን አጥፎ ቅርጽ ማውጣቱ ደግሞ በእጅ የሚለመዱ ናቸው። እውነተኛ ወረቀት እጠፊ፣ በመብሻ ብሺ፣ ፍቺው። አንዴ ከገባሽ በኋላ አራት በአራት ሠንጠረዥ እየሣልሽ ቀዳዳዎቹን ወደ ኋላ እየፈታሽ ምልክት ታደርጊያለሽ። ለኪዩቡ ኩብ ስኳር ገዝተሽ ደርድሪ። ደንቡ ሌላ ኪዩብ ያልሸፈነው ጎን ሁሉ ይቀባል፣ መሬት የነካው አይቀባም ነው። ከስዕሉ አጠገብ ከዜሮ እስከ አምስት ጽፈሽ እያንዳንዱን ኪዩብ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጠሪ። ከአንድ ስዕል ብዙ ጥያቄ ስለሚወጣ ሠንጠረዡ አንዴ ከተሠራ ቀሪዎቹ በሰከንድ ያልቃሉ። እነዚህን ነጥቦች ለማንም አትስጪ። ለማጠፉ የሲሪያል ካርቶን ዘርግተሽ መልሰሽ ገጣጥሚ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እሁድ ቁጭ ብሎ አምስት ሰዓት ከመሥራት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሻላል።

ስለ ሳይንሱ አላስረዝምም፤ አንቺም አልፈራሽውም። ባዮሎጂው ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከሴል ጀምሮ እስከ ሥነ ምህዳር ይጠይቃል፤ ስለዚህ የምትወጂውን ምዕራፍ ደጋግመሽ አታንብቢ፤ የረሳሽውን ንኪ። ኦርጋኒኩ ላይ ሪአክሽኖቹን በባዶ ወረቀት ከራስሽ እየሣልሽ ተለማመጂ። ፊዚክስ ፈተናው ውስጥ የለም። ትምህርት ቤቶች ኮርሱን ቢፈልጉም ለዲኤቲ ብለሽ ሰዓት አታባክኚበት።

ሒሳቡ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሌሎቹ ተማሪዎች የማይቸገሩበት እኛን ግን የሚይዘን። እኛ ያደግነው በሜትርና በኪሎ ነው። ጥያቄው ግን በጋሎን፣ በኳርት፣ በፊት፣ በያርድ፣ በአውንስ ሊመጣ ይችላል። አንድ ፊት 12 ኢንች፣ አንድ ያርድ 3 ፊት፣ አንድ ጋሎን 4 ኳርት፣ አንድ ፓውንድ 16 አውንስ። በቃልሽ ያዢው። ኒክል አምስት ሳንቲም፣ ዳይም አሥር፣ ኳርተር ሃያ አምስት። ቀላል ይመስላል፤ ፈተናው ላይ ለማስታወስ ስትሞክሪ ግን ያ ደቂቃ አይመለስም። ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ ይሰጥሻል፤ ለሒሳቡ ክፍል ብቻ ነው። ኬሚስትሪውን በእጅሽ ማስላት ልመጂ። ደግሞም ስህተት ነጥብ አይቀንስም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ባዶ የቀረ ጥያቄ አይኑር።

ስለ ቀኑ። ኦክቶበር ላይ መፈተኑን አልደግፍም። የአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ጁን መጀመሪያ ላይ ነው መላክ የሚጀምረው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማመልከቻውን እንደመጣ እያዩ ቦታ ይሞላሉ። ኦክቶበር ብትፈተኚ ቀድመውሽ ከገቡት ጋር የተረፈ ቦታ ትሻሚያለሽ። የብርዱን ወራት በሙሉ አጥኚ፤ ኤፕሪል ወይም ሜይ ላይ ተፈተኚ፤ ጁን ላይ ከነውጤትሽ አመልክቺ። አንድ ዓመት ሊዘገይብሽ ነው፤ አውቃለሁ። ዕድሜሽን እየቆጠርሽ እንደሆነም ከደብዳቤሽ ይገባኛል። ግን ገና ሃያ ሰባት ነሽ። ተዘጋጅተሽ አንዴ ብትገቢበት ከመቸኮል ይልቅ ቶሎ ያደርስሻል።

ዝግጁ መሆንሽን በምን ታውቂያለሽ? ሙሉ የልምምድ ፈተና ከጠዋት ጀምረሽ እስከ መጨረሻ ተቀመጪ። ስልክ የለም፤ ሰው የለም። ከዚያ ሌላ ቀን ሌላውን። ውጤቱ እየተቀራረበ፣ እየጸና ሲመጣ ዝግጁ ነሽ። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካለ ገና ነሽ። የማዘጋጃ መጻሕፍትን ከመግዛትሽ በፊት በሠፈርሽ ያለውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመፈተኛ ክፍያው ከ500 ዶላር በላይ ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ለተቸገሩና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚፈተኑ ግማሹን የሚሸፍን ቅናሽ አለው። ለጥቂት ሰው ብቻ ስለሚሰጥ በጃንዋሪ መጀመሪያ አመልክቺ። መጠየቅ አያሳፍርም። እባክሽ ጠይቂ። ምዝገባሽ ሲጸድቅ የምትፈተኚበት ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ ስለዚህ ገና ማጥናት ሳትጀምሪ ከፍለሽ አትቀመጪ።

የሁለተኛው ሥራ ነገር ከሁሉም ይከብደኛል። አገር ቤት የምትልኪላቸው እንዳሉ እገምታለሁ፤ ሁላችንም አለን። ቢቻልሽ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የቅዳሜና እሁዱን ሥራ አቁሚ። ለቤተሰብ ቀድመሽ ንገሪ፦ «ለሁለት ወር አልልክም፤ ምክንያቴ ይሄ ነው።» ይገባቸዋል። ሳይነግሯቸው ሲቀር ነው የሚከፋቸው። እዚህ ያሉትም ይወቁ፤ በእነዚያ ሳምንታት ለቅሶም ሰርግም አንቺን ወክለው ይሂዱ።

ቀኑን ስትመርጪ ጾሙንም እዪ። ፈተናው ከመግቢያው መግለጫ እስከ መጨረሻው መጠይቅ አምስት ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። መሀል ላይ፣ ከፒኤቲ በኋላ፣ የ30 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ዕረፍቱ የግዴታ አይደለም፤ አንቺ ግን ውጪ፣ ብዪ፣ ውኃ ጠጪ። ንባቡ ከዕረፍቱ በኋላ ስለሆነ ለዚያ ጉልበት ያስፈልግሻል። በሕማማት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ በዚያ ሳምንት ቀጠሮ አትያዢ። ረመዳን ለምትጾሙ አንባቢዎቼም ያው ነው። የፈተና ጣቢያው ጥብቅ ነው፤ ኪስ ይገለበጣል፣ መነጽር ይታያል፣ ከጋብቻ ቀለበት በቀር ጌጥ አይገባም። የአንገት መስቀልሽን ቤት አስቀምጪ።

ከፈተናው በኋላ የት እንደምታመለክቺ ባትጠይቂኝም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠሽ ሁለት ትልልቅ በሮች አጠገብሽ እንዳሉ ልንገርሽ። ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት በ1840 የተመሠረተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ሃዋርድ አለ፤ ከ1881 ጀምሮ የጥርስ ሐኪም ያስተምራል፤ ከናይንዝ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳል። ሁለቱንም ሄደሽ እያቸው። አሲስታንት ሆነሽ የሠራሽው ጊዜ ማመልከቻሽ ላይ ትልቅ ቦታ አለው፤ ሐኪምሽ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ ከወዲሁ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ «የኔ ልጅ፣ ዶክተር፣ እንደምን አለሽ? ልጄ በዚህ ዓመት ለጥርስ ትምህርት ተፈተነ። 410 አመጣሁ ይላል። የጓደኛዬ ልጅ ከዓመታት በፊት 21 አምጥታ ነው የገባችው። አንዱ 410 ጎበዝ ነው ይለኛል፣ አንዱ አልሆነም ይለኛል። ልጄ ከክፍሉ አይወጣም። አባቱ በሚቀጥለው ወር ድገመው እያለ ይጨቀጭቀዋል። እኔ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች አያወዳድሯቸው። ድሮ ውጤቱ ከ1 እስከ 30 ነበር። ከማርች 2025 ጀምሮ ግን ከ200 እስከ 600 ሆኗል። የጓደኛዎ ልጅ በድሮው መለኪያ፣ የእርስዎ ልጅ በአዲሱ ነው የተለኩት። ፈታኞቹ ያወጡት ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ አለ፤ ልጅዎ በዚያ ያየው። ከቁጥሩም ይልቅ ከተፈተኑት ውስጥ ስንቱን እንደበለጠ የሚያሳየውን ፐርሰንታይል ይመልከት። ጎረቤት በግምት የሚለውን አይስሙ።

ይህ ፈተና አለፈ፣ ወደቀ የሚባልበት አይደለም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በራሱ መንገድ ያየዋል፤ ከኮሌጅ ውጤቱ፣ ከሥራ ልምዱ፣ ከቃለ መጠይቁ ጋር። ዋናው አማካይ የሚሰላው ከባዮሎጂ፣ ከሁለቱ ኬሚስትሪዎች፣ ከንባብና ከሒሳብ ነው። የቅርጹ ክፍል ለብቻው ይቆጠራል። ስለዚህ 410 አማካዩ ይሁን አንዱ ክፍል ልጅዎን ይጠይቁት። አራቱ ጥሩ ሆነው አንዱ ብቻ ከጎተተው፣ መፍትሔው ያንን አንዱን መያዝ ነው። ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ደግሞ ወደ መሠረቱ መመለስ አለበት፤ ያ ጊዜ ይፈልጋል።

ለአባቱ ይህን ይንገሩልኝ። በሚቀጥለው ወር መድገም አይቻልም። በሁለት ፈተና መካከል ቢያንስ 60 ቀን ማለፍ አለበት። ቀድሞ የመጣውም ውጤት አይጠፋም፤ ትምህርት ቤቶቹ ያዩታል። ከሦስተኛው በኋላ ደግሞ ለመፈተን ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ እንደ አባት ሲገፋው ለመልካም አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያልተለወጠ ዝግጅት ይዞ መግባት ያንኑ ቁጥር ይዞ መውጣት ነው። ልጁ ራሱ «አሁን ደርሻለሁ» ይበል።

እርስዎ ምን ላድርግ ላሉኝ፦ ለሁለት ሳምንት ያህል በቤት ውስጥ ስለ ፈተናው ወሬ አይነሳ። እራት ላይ አይጠየቅ። ስልክ የሚደውል ዘመድ ቢጠይቅ እርስዎ ይመልሱለት። የሚወደውን ሠርተው ጥሩት፤ ከክፍሉ ይወጣል። ሁለቱ ሳምንት ካለፈ በኋላም የማይበላ፣ የማይተኛ ከሆነ ግን እንደ ፈተና ነገር ብቻ አይዩት፤ የቤተሰብ ሐኪም ጋ ይዘውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ «ለተከበሩ ባልደረባዬ። እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ በጥርስ ሕክምና ተመርቄ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ሁሉም ሰው ዲኤቲ ተፈተን ይለኛል። ከዜሮ ልጀምር ነው?»

መልስ፦ የተከበሩ ባልደረባዬ፣ ከዜሮ አይጀምሩም። ዲኤቲ የተዘጋጀው የጥርስ ሕክምናን ገና ላልተማረ ሰው ነው። ለእርስዎ ዋናው መንገድ ሌላ ነው። በውጭ አገር ለተመረቁ የጥርስ ሐኪሞች ብዙ ትምህርት ቤቶች አድቫንስድ ስታንዲንግ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ እዚህ የተማረው የሚያገኘውን ያንኑ ዲግሪ ያገኛሉ። ከዚያ የየስቴቱ ፈቃድ ይቀጥላል።

ለዚህ የሚያስፈልግዎ ፈተና አይኤንቢዲኢ የሚባለው የጥርስ ሐኪሞች ብሔራዊ የቦርድ ፈተና ነው። 500 ጥያቄ በሁለት ቀን ይሰጣል፤ የሚጠይቀውም ሲሠሩት የነበረውን ነው፤ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ የታካሚ ታሪክ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ቶፍል ይጠይቃሉ። ብዙዎቹም የእጅ ፈተና አላቸው፤ በፕላስቲክ ጥርስ ላይ ያስሞርዱዎታል፣ ያስሞሉዎታል። እጅዎ ከቆየ መለማመጃ ፈልገው ያፍታቱት።

ዛሬውኑ መጀመር ያለበት ግን ወረቀቱ ነው። ለአይኤንቢዲኢ የትምህርት ማስረጃዎ ኢሲኢ በተባለው ድርጅት መመርመር አለበት። ዩኒቨርሲቲዎ ትራንስክሪፕቱን ራሱ በቀጥታ መላክ ይኖርበታል። በእኛ አገር ይህ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ያመላልሳል። አንድ ቀልጣፋ ዘመድ ወክለው ጉዳዩን እንዲከታተል ያድርጉ። ኤምባሲው ውክልና ይሠራልዎታል። ወረቀቱ እስኪደርስ እርስዎ ያጥናሉ። በዚህ መሀል ከፓርኪንጉ ይልቅ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆነው ቢገቡ፣ ደመወዙ ባይለይም፣ የሥራውን ቋንቋና የታካሚውን ጠባይ ይለምዳሉ። ለማመልከቻውም የሚጽፍልዎ ሐኪም ያገኛሉ። የሠሩባቸው ዓመታት አልጠፉም። እባክዎ ይህን ለራስዎ ደጋግመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ፓስፖርቴ ላይ የእኔና የአባቴ ስም አንድ ላይ ተጽፎ የአያቴ ስም ለብቻው ነው። መንጃ ፈቃዴ ላይ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል አጥሯል። የኮሌጅ ትራንስክሪፕቴ ላይ ደግሞ የአያቴ ስም ጭራሽ የለም። ፈተናው በስድስት ሳምንት ውስጥ ነው። ችግር ያመጣብኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ይህን ከማጥናትህ በፊት ጨርስ። በዚህ ሁላችንም የተቸገርንበት ነው። የፈተና ጣቢያው ሠራተኛ የአባት ስም ምን እንደሆነ፣ የአያት ስም ምን እንደሆነ አይጠይቅህም። የተመዘገብክበትን ስምና መታወቂያህን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ፊደል በፊደል ያያል። ካልተመሳሰለ አያስገባህም፤ የከፈልከውም ገንዘብ አይመለስም።

ሁለት መታወቂያ ይዘህ ትሄዳለህ። አንዱ ፎቶና ፊርማ ያለው፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ መንግሥት የሰጠህ ነው። ሁለተኛው ፊርማህ ያለበት ሌላ ካርድ ነው። ከፓስፖርትህና ከመንጃ ፈቃድህ አንዱን ዋናዬ ብለህ ምረጥ። እኔ ብሆን ፓስፖርቱን እመርጥ ነበር፤ ሙሉ ስምህ ያለው እሱ ላይ ነውና። ከዚያ ዴንትፒን፣ ማለትም ለፈተናው የምትመዘገብበትን መለያ ቁጥር፣ ስታወጣ የሞላኸውን ስም ክፈትና ከፓስፖርቱ ጋር አስተያይ። የመጀመሪያ ስም በሚለው ቦታ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ላይ የተጻፈው የአንተና የአባትህ ስም፣ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአያትህ ስም። በእንግሊዝኛ አጻጻፉም ያው መሆን አለበት፤ አንዱ ላይ ሁለት ኤስ፣ ሌላው ላይ አንድ ኤስ ከሆነ እሱም ልዩነት ነው። የተለየ ነገር ካለ አሁኑኑ ለፈታኙ መሥሪያ ቤት ጻፍ፤ ማስረጃ ጠይቀው ያስተካክሉልሃል። ቀናት ስለሚፈጅ እስከ መጨረሻው ሳምንት አትቆይ።

ሁለተኛው ካርድህ ላይ ያለው ስምም መመሳሰሉን እይ። የባንክ ካርድህ በአጭሩ ከተጻፈ ባንክህ በሙሉ ስምህ ሌላ እንዲያወጣልህ ጠይቅ። የትራንስክሪፕቱ ለፈተናው ቀን አያሰጋህም። የትምህርት ቤት ማመልከቻው ላይ ግን ሌሎች የምትታወቅባቸውን ስሞች የምትሞላበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንዳለው አድርገህ ጻፈው። አለዚያ ትራንስክሪፕትህ ከማመልከቻህ ጋር ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል። የመንጃ ፈቃዱን ከፈተናው በኋላ ዲኤምቪ ሄደህ አስተካክለው። ትምህርት ቤት ስትገባም፣ ፈቃድ ስታወጣም ይህ ስም ደጋግሞ ይጠየቅሃል።